ጎብኚ ሲበዛ ቁራ ለምን ይበዛል? የሽርሽር ፍርፋሪ በፓርኮች ውስጥ የሚያስከትለው መዛባት

የሰዎች መዝናኛ በዱር እንስሳት ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ሲነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው የሰው ኮቴ ሰምቶ የሚሸሽ እንስሳ ነው። ግምቱ መሠረት የለሽ አይደለም። በ2016 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰቡ 274 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከእነዚህ ውስጥ 93 በመቶው የመዝናኛ እንቅስቃሴ ቢያንስ በአንድ መልኩ እንስሳትን እንደሚነካ መዘገባቸውን፣ ከተመዘገቡት ተጽዕኖዎችም 59 በመቶው አሉታዊ መሆናቸውን አሳይቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ይፋ የሆነ፣ በሲድኒ አካባቢ ባሉ ጫካዎች የተካሄደ ሙከራ ደግሞ ውሻን በማሰሪያ ይዞ በጫካ መንገድ ማለፍ ብቻ የሚታዩትን የወፍ ዓይነቶች በ35 በመቶ፣ የወፎቹን ብዛት ደግሞ በ41 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ከዚህ አጠቃላይ እውነት የሚያፈነግጥ አንድ የወፍ ቤተሰብ ግን አለ። ቁራን፣ በግዙፍ አካሉና በወፍራም ምንቃሩ ከተራው ቁራ የሚለየውን ሬቨንን፣ ብዙዎቹ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ላባ ያላቸውን ጄዮችን፣ እንዲሁም ማግፓይንና ናትክራከርን የሚያቅፈው ይህ ቤተሰብ፣ ሌሎች ወፎች በሚርቁት የሽርሽር ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባል። ፓርኩ በጎብኚ ሲጨናነቅ ብዙዎቹ የቤተሰቡ አባላት በመቀነስ ፈንታ ይበዛሉ። ነገሩ ለተመለከተው መልካም ዜና ይመስላል፤ ሰውና ወፍ ተስማምተው የሚኖሩበት ቦታ ተገኘ ያሰኛል። ነገር ግን ወፎቹን ያበዛቸው ከሰው እጅ የወደቀ ትርፍ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉትም በዚያው ጫካ ወይም በረሃ የሚኖሩ ሌሎች ፍጥረታት ናቸው። በእኔ እይታ የፓርክ አስተዳደር ክርክር «ስንት ሰው ገባ» በሚለው ቁጥር ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋል፤ የገባው ሰው ምን ጥሎ ወጣ የሚለው ጥያቄ ግን፣ ቢያንስ ቁራንና ጄይን በሚመለከት፣ የበለጠ ክብደት አለው።

ፍርፋሪው ወደ ጫጩት የሚለወጥበት መንገድ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው የኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ከ1995 እስከ 2000 በተካሄደ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በቁራዎች፣ በሬቨኖችና ስቴለር በሚባሉት ጄዮች ላይ የሬዲዮ መሣሪያ አስረው ውሏቸውን ተከታትለዋል። የሦስቱም ምላሽ እኩል አልነበረም። ቁራዎችና ሬቨኖች ለመኖሪያ መንደሮችና ለካምፕ ሥፍራዎች በቀረቡ መጠን የሚዘዋወሩበት ክልል ጠቦ፣ የሚያሳድጓቸው ጫጩቶች ግን በዝተው ተገኝተዋል። የቁራዎቹ ከዓመት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድልም በሰው አቅራቢያ ከፍ ይል ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ምግቡ አጠገብ ከሆነ ወፉ ሩቅ መብረር አያስፈልገውም፤ የቆጠበውን ጊዜና ጉልበት ጎጆውን ለመጠበቅና ጫጩቶቹን ለመመገብ ያውለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከእነዚያ ጫጩቶች የተረፉት የራሳቸውን ጎጆ ይሠራሉ፤ የበጋው ፍርፋሪ በዚህ መንገድ የሕዝብ ቁጥር ዕድገት ይሆናል።

የየዝርያው ማኅበራዊ ኑሮ ይህን ሒደት ያፋጥነዋል። ስቴለር ጄይ ድንበሩን አጥብቆ የሚከላከል ወፍ አይደለም፤ በጎጆው አጠገብ የበላይ ሆኖ ይውልና ከጎጆው በራቀ ቁጥር የበላይነቱን እየተወ ይሄዳል። በመሆኑም ብዙ ጥንዶች ያለ ትልቅ ጠብ በአንድ የካምፕ ሥፍራ ላይ ተደራርበው መመገብ ይችላሉ፤ ይህም በተፈጥሮ ጫካ ውስጥ በዚያ መጠን የማይታይ ጥግግት ይፈጥራል። ወጣት ሬቨኖች ደግሞ ጥንድ እስኪይዙ ድረስ በቡድን የሚዞሩ ተንከራታቾች ናቸው። አንዱ ምግብ ሲያገኝ ጓደኞቹን ይጠራል፤ ማታ አብረው የሚያድሩበትም ዛፍ ወሬ የሚተላለፍበት ቦታ ሆኖ ያገለግላል፤ ትናንት የተራበው ዛሬ ጠዋት ጠግቦ ያደረውን ተከትሎ ይወጣል። እንግዲህ ክዳኑ ያልተዘጋ አንድ የቆሻሻ መጣያ የሚስበው ባየው ወፍ ብቻ የሚወሰን አይሆንም።

የመማር ችሎታቸውም ቀላል አይደለም። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሬቨኖች የጎብኚዎችን የጀርባ ቦርሳ ዚፕ በምንቃራቸው ስበው መክፈትን ተምረዋል፤ በበረዶ ላይ በሚነዱ ሞተሮች ጀርባ የሚታሰሩ ሻንጣዎችም ከእነርሱ አያመልጡም። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ2006 ጀምሮ ጭምብል ለብሰው ባደረጉት ሙከራ፣ ቁራዎች ያስደነገጣቸውን ሰው ፊት ለዓመታት እንደሚያስታውሱ አረጋግጠዋል። ክፉ ያደረገባቸውን ፊት እንዲህ የሚያስታውስ ፍጥረት ምግብ ያገኘበትን ጠረጴዛ፣ የመኪና ማቆሚያና የሳምንት መጨረሻ ግርግር ይረሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ ግን ለቁጥሮች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው የለመደ ቁራ ከሰው ዓይን አይሰወርም፤ በአንጻሩ የጫካ ውስጡ ዘመዱ ገና ከሩቅ ድምፅ ሳያሰማ ይርቃል። ስለዚህ ቆጠራው በእግር መንገድና በመዝናኛ ሥፍራ ዙሪያ ብቻ ከተካሄደ ልዩነቱ ከእውነቱ በላይ ሊገን ይችላል። ከመዝናኛ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ምክንያቶችም ቁጥሩን ያናውጡታል። በ1999 በኒው ዮርክ የታየው የዌስት ናይል ቫይረስ በቀጣዮቹ ዓመታት በአሜሪካ ቁራዎች ላይ ከባድ እልቂት አስከትሏል። በካናዳ አልጎንኩዊን ፓርክ ደግሞ ከጎብኚ እጅ ሳይቀር ምግብ የሚቀበለው የካናዳ ጄይ ካለፉት አሥርተ ዓመታት ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ለዚህ የሚቀርበው ዋነኛ ማብራሪያ የአየር ንብረት ነው፤ ይህ ወፍ የበረዶው ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት የበልግ ወራት የሥጋና የፍራፍሬ ቁራሽ በዛፍ ቅርፊት ሥር ሸሽጎ ክረምቱን በዚያ ስለሚያሳልፍና በረዶው ገና ሳይቀልጥ ስለሚፈለፍል፣ በልጉ ሲሞቅ ስንቁ ይበላሽበታል። ጎብኚ የሚመግበው ወፍ እያለቀ መሆኑ፣ የምግብ ትርፍ ሁሉንም ነገር እንደማይወስን ያሳያል።

በሬድዉድ ጫካ የተጣለ አንድ እንቁላል

የፍርፋሪው ዋጋ በግልጽ የሚታየው ማርብልድ ሙሬሌት በተባለው ወፍ ላይ ነው። ሙሬሌት ከአላስካ እስከ ካሊፎርኒያ ባለው የፓስፊክ ዳርቻ የሚኖር ትንሽ የባሕር ወፍ ነው። ዓሣውን ከባሕር ያድናል፤ እንቁላሉን ግን በአብዛኛው ከዳርቻው ኪሎ ሜትሮች ገባ ብሎ፣ በጥንታዊ ጫካ ውስጥ፣ ሞስ የሚባለው ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋን በለበሰ ሰፊ ቅርንጫፍ ላይ ይጥላል። የጎጆው ነገር ለረጅም ጊዜ ምስጢር ሆኖ ቆይቶ፣ በ1974 በካሊፎርኒያ የቢግ ቤዚን ሬድዉድስ ፓርክ ውስጥ ዛፍ በመከርከም ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ ከመሬት 45 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በአጋጣሚ አገኘው። ቢግ ቤዚን በ1902 የተቋቋመ፣ ከካሊፎርኒያ ግዛታዊ ፓርኮች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ የድንኳን ሥፍራዎቹም ለረጅም ዓመታት የቆዩት ሙሬሌት በሚፈልጋቸው፣ ሬድዉድ በሚባሉት በእነዚያው ግዙፍ ዛፎች ሥር ነበር።

ሙሬሌት በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ወላጆቹ በየሃያ አራት ሰዓቱ ገደማ እየተፈራረቁ ያቅፉታል፤ ከተፈለፈለ በኋላም ጫጩቱ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል በቅርንጫፉ ላይ ብቻውን ተጋድሞ፣ ወላጆቹ በተለይ ንጋት ላይና ምሽት ላይ ይዘውለት የሚመጡትን ዓሣ ይጠብቃል። መከላከያው አለመታየት ነው፤ ላባው ከቅርንጫፉ ቀለም ጋር ይመሳሰላል፣ ድምፅም አያሰማም። ይህ ስልት ጫካው ውስጥ ጥቂት ጄይና ሬቨን በነበረበት ዘመን በቂ ነበር።

ጄዮቹ ሙሬሌትን አድነው የሚኖሩ አለመሆናቸው መዘንጋት የለበትም። የሙሬሌት እንቁላል እጅግ ብርቅ ስለሆነ በእርሱ ላይ ተመክቶ የሚኖር ጄይ ይራባል። የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ጄዩ ከጠረጴዛው ጠግቦ ወደ ቅርንጫፎቹ ይወጣል፣ እዚያ ነፍሳትን ሲፈልግ በአጋጣሚ ከእንቁላሉ ጋር ይገጣጠማል። የአንድ ጄይ በአንድ ወቅት የመገጣጠም ዕድል ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የጄዮቹ ቁጥር ሲባዛ ግን ዕድሉም አብሮ ይባዛል። በተለመደው የተፈጥሮ ሥርዓት ታዳኙ ሲያልቅ አዳኙም ይቀንስና ለታዳኙ ፋታ ይሰጣል። እዚህ ግን ጄዩን የሚቀልበው ጎብኚው ስለሆነ ሙሬሌቱ ቢያልቅም ጄዩ አይጎድልበትም። ከጉዳዩ ሁሉ አሳሳቢ ሆኖ የማገኘው ይህን ነው፤ ራሱን ያስተካክል የነበረው ሚዛን ማስተካከያው ተነቅሏል።

ጄዮቹ ምን እንደሚበሉ የሚታወቀው በዓይን ብቻ አይደለም። በቆሎና ሸንኮራ አገዳ በውስጣቸው የሚይዙት የካርቦን ዓይነት መጠን ከጫካው ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የተለየ ነው። የሰው የታሸገ ምግብ ደግሞ ከቺፕሱ እስከ ጣፋጩ በበቆሎ የተሞላ በመሆኑ፣ ልዩነቱ በወፉ ላባ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል። በካምፕ ሥፍራዎች የሚኖሩ የቢግ ቤዚን ጄዮች ላባ በቤተ ሙከራ ሲመረመር የሰው ምግብ በአመጋገባቸው ውስጥ ያለው ድርሻ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ሙሬሌት በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በካሊፎርኒያ በ1992 የአደጋ ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል። ለዚህ ያበቃው ዋነኛው ነገር የጥንታዊ ጫካዎች መጨፍጨፍ እንጂ ሽርሽር አይደለም፤ ይህ በግልጽ መባል አለበት። ነገር ግን ከጭፍጨፋው የተረፉት ትልልቅ ዛፎች በብዛት የሚገኙት በፓርኮች ውስጥ ነው፤ ፓርኮቹ ደግሞ የጠረጴዛው፣ የድንኳኑና የጄዩ መገኛ ናቸው። መጠለያ ተብሎ የተከለለው ሥፍራ ራሱ የአዳኙ ጎተራ ሆነ ማለት ነው።

ተመሳሳይ ታሪክ በሌሎች ምድሮችም ታይቷል። በስኮትላንድ ኬርንጎርም ተራራ በ1960ዎቹ የበረዶ ሸርተቴ ማዕከል ከተስፋፋ በኋላ ቀድሞ በዚያ ከፍታ ብዙም የማይታዩ ቁራዎች የምግብ ትርፍራፊ ተከትለው ወጡ፤ ታርሚጋን የተባለው የቆቅ ዘመድም እንቁላሎቹንና ጫጩቶቹን ለእነርሱ ገበረ፣ ትልልቆቹ ደግሞ በሸርተቴው ማመላለሻ ሽቦዎች እየተላተሙ ሞቱ። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በሞሃቪ በረሃ ሬቨኖች በብዙ እጥፍ ተራብተው፣ ቅርፊታቸው ገና ያልጠነከረ ትንንሽ የበረሃ ኤሊዎችን ወግተው ይበላሉ። በዚያ ያለው ትርፍ ከቆሻሻ መድፊያዎች፣ በመንገድ ላይ በመኪና ከተገጩ እንስሳትና ከኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ጭምር የሚመጣ ስለሆነ፣ ሽርሽረኛው የጥፋቱን አንድ ድርሻ ብቻ ይወስዳል።

ከቤተሰቡም የሚጎዱ አሉ

ቤተሰቡ በሙሉ ተጠቃሚ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በፈረንሳይ ብሪታኒ ጫፍ በምትገኘው የዌሳን ደሴት፣ ቀይ ምንቃር ያለው ቾፍ የሚባል የቁራ ዘመድ አጭር ሣር ባለበት የባሕር ዳር ገደል ላይ ነፍሳት እየቆፈረ ይኖራል። ይህ ወፍ ከጠረጴዛ የሚያገኘው ነገር የለም። የደሴቲቱ የእግር መንገድ ደግሞ የሚያልፈው እርሱ በሚመገብበት ገደል አናት ላይ ሲሆን፣ ጎብኚ የሚጎርፍበት የኦገስት ወር ወጣቶቹ ቾፎች ከወላጆቻቸው ተለይተው ራሳቸውን መመገብ ከሚጀምሩበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። በ2009 የወጣ ጥናት የጎብኚው ቁጥር ከፍ ባለባቸው ዓመታት በሕይወት የሚቆዩት ወጣቶች ማነሳቸውን አሳይቷል። ገና ቁፋሮ ያልተካነ ወፍ በየደቂቃው እየተነሳ ሲበር የሚያጣው ጊዜ፣ ልምድ ላለው ወላጁ ምንም ባይሆንም፣ ለእርሱ የሞት ምክንያት ይሆናል።

በሚጠቀሙት ዘንድም ጥቅሙ ንጹሕ አይደለም። በመኖሪያ ሰፈሮች አካባቢ ያሉ የፍሎሪዳ ስክረብ ጄዮች፣ የሰው ምግብ ሁልጊዜ ስለማይጎድልባቸው፣ ከጫካ ዘመዶቻቸው ቀድመው እንቁላል ይጥላሉ። ትልቁ ወፍ በኦቾሎኒና በዳቦ ይጠግባል፤ ጫጩት ግን ለማደግ አባጨጓሬና ሌሎች ነፍሳት ያስፈልጉታል፣ እነርሱ ደግሞ ወፉ ስለቸኮለ አብረው አይቸኩሉም። በዚህ የተነሳ ጫጩቶቹ በጎጆ ውስጥ በብዛት ይሞታሉ። ይህ ጄይ ከ1987 ጀምሮ በሕግ ጥበቃ የሚደረግለት ዝርያ በመሆኑ በቅንነት የሚደረግ ምገባ እንኳ የተከለከለ ነው። በ2019 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት ገጠር ለሚገኙ የቁራ ጫጩቶች ቺዝበርገር አቅርቦላቸው የኮሌስትሮል መጠናቸው ከፍ ማለቱን አረጋግጧል። ለነገሩ ቁራዎቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጉዳት አልታየባቸውም፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል።

የተሞከሩ መፍትሔዎች

በቅድሚያ የሚታሰበው ወፎቹን መቀነስ ነው፤ ደካማው መንገድም ይኸው ይመስለኛል። በአሜሪካ የቁራ ቤተሰብ ከ1972 ጀምሮ በስደተኛ ወፎች ስምምነት የተጠበቀ በመሆኑ ጄይንና ሬቨንን ያለ ፈቃድ መግደል አይቻልም። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ክልል ይዞ የነበረ ጥንድ ሲወገድ፣ ቦታ ሲጠብቁ ከነበሩት ተንከራታቾች አንዱ ይተካዋል፤ ምግቡ እስካለ ድረስ መቀመጫው ባዶ አይቆይም። በሞሃቪ በሬቨን እንቁላሎች ላይ ዘይት በመርጨት እንዳይፈለፈሉ የማድረግ ዘዴ የተመረጠውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ወላጆቹ ፍሬ የሌለውን እንቁላል እያቀፉ ክልላቸውን ለሌላ ሳይለቁ ይቆያሉ።

በካሊፎርኒያ የሬድዉድ ጫካዎች የተሞከረው ዘዴ ግን ከሁሉም ይበልጥ ብልሃት አለበት። የሃምቦልት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትንንሽ የዶሮ እንቁላሎችን የሙሬሌት እንቁላል አስመስለው በአረንጓዴ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው፣ ነጠብጣብ ጨምረውባቸው፣ በውስጣቸውም ካርባኮል የተባለ ሽታ የሌለው መድኃኒት ከተው በዛፎች ላይ አኖሩ። እንቁላሉን የቀመሰ ጄይ በደቂቃዎች ውስጥ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን መልክ ያለው እንቁላል አይነካም። ጄዩ አይሞትም፤ ክልሉን እንደያዘ ስለሚቆይም ያልተማረ ሌላ ጄይ አይተካውም። የወፉ የማስታወስ ችሎታ፣ ቀድሞ ችግር የነበረው፣ እዚህ ለሙሬሌቱ ጠባቂ ይሆናል። ሆኖም ዘዴው ጄዮቹን አይቀንስም፤ የተቀባውን እንቁላልም በየወቅቱ ማኖር ይጠይቃል።

ሥር የሚነካው ሥራ ያለው ከጠረጴዛው ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ችግሩ የመጠን ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች የዱር እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው፤ ብዙዎቹ ካምፖችም ድብ የማይከፍተው የብረት ሣጥንና መጣያ አላቸው። እነዚህ ሁሉ የተነደፉት ግን ለድብ ነው፤ የድብ ሒሳብ በቅርጫትና በሣጥን ሲሆን የጄይ ሒሳብ በአንዲት የቺፕስ ቁራጭ ነው። ሣጥኑን በአግባቡ የቆለፈ፣ ደንቡን ያከበረ ቤተሰብ ጠረጴዛውን አራግፎ ቢነሳ ለድብ ምንም አልተወም፤ ለጄይ ግን ምሳ ትቶለታል። ሳህን የታጠበበት ውሃ መሬት ላይ ሲደፋ የሚቀሩት የሩዝና የፓስታ ፍሬዎችም እንዲሁ ናቸው። የሬድዉድ ፓርኮች «ከፍርፋሪ የጸዳ» የሚል መልእክት ይዘው ዘመቻ የጀመሩት ይህን ክፍተት አይተው ነው። ዘመቻው ከጎብኚው የሚጠይቀው ከባድ ነው፤ አብዛኛው ሰው ለአንዲት ወፍ አንዲት ፍርፋሪ መጣልን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ በየቀኑ የሚለዋወጠውን ሕዝብ እንደ አዲስ ማስተማር ደግሞ ማብቂያ የለውም።

ስለዚህ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የቦታ ጥያቄ ይነሳል፤ ለቢግ ቤዚን ይህ ጥያቄ ባልታሰበ መንገድ ተከፍቷል። በኦገስት 2020 በመብረቅ የተነሳው ቃጠሎ ፓርኩን ከሞላ ጎደል በሙሉ አዳርሶ፣ ታሪካዊ ሕንፃዎቹንና የካምፕ አገልግሎቶቹን አወደመ። ፓርኩ በ2022 ለተወሰነ የቀን ጉብኝት ተከፍቷል፤ የመልሶ ግንባታው ዕቅድም የመኪና ማቆሚያውንና የጎብኚ አገልግሎቶቹን ከጥንታዊው ጫካ እምብርት አውጥቶ ወደ ዳር የመውሰድ ሐሳብ ይዟል። ብዙዎቹ ሬድዉዶች ከግንዳቸው አቆጥቁጠዋል፤ ለሙሬሌት ጎጆ የሚሆን፣ ሞስ የለበሰ ሰፊ ቅርንጫፍ ግን ለመብቀል እጅግ ረጅም ዘመን ይፈጅበታል። በዚህ መካከል ወፉ የሚቀረው ከእሳቱ የተረፉት ጥቂት ዛፎች ብቻ ስለሆኑ፣ የድንኳን ሥፍራውን በእነርሱ ሥር መልሶ መክፈት፣ ጎብኚው የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ የሚደገፍ ውሳኔ አይመስለኝም።